አሞራ አባራሪው

እናቴ ደሴ ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያን ለምታገኘው ሰው ሁሉ «ልጄ አቪዬሽን ገባ» ትል ነበር። ውሸት አልነበረም። ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ትንንሽ አውሮፕላኖች በሚያርፉበት ሜዳ ላይ አሞራ ማባረር ነበር። በየማለዳው ከደሴ ፒያሳ ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት እወርድና ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እቆማለሁ።

አሞራውን የሚያመጡብኝ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ከብት ባረዱ ቁጥር ሆድ ዕቃውን አጥሩ ሥር ይጥሉታል።

«አባባ፣ አንድ አሞራ ትንሽ አውሮፕላን ሊጥል ይችላል» ብዬ ለመንኳቸው።

«ያን ሁሉ ብረት?» አሉና ፈገግ አሉ። «አብሽር ልጄ። መብረር ቀድሞ የተማረው አሞራው ነው፤ መንገዱን ያውቃል።»

ልጃቸውን ሊድሩ ሁለት ሰንጋ ያረዱ ዕለት አጥሩ ሥር በአሞራ ጠቆረ። እኔ ደግሞ ሻይ ቤት ቆይቼ ነበር። ስደርስ አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ልታርፍ ዝቅ እያለች ትመጣለች። ደንግጬ ፊሽካዬን እየነፋሁ ሮጥኩ። አሞራዎቹም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዙኝ፤ ሁሉም በአንዴ ተነሡና በቀጥታ አውሮፕላኗ ፊት ገቡ።

በር በኃይል ሲዘጋ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። አውሮፕላኗ ወደ ጎን አዘነበለች፣ እንደ ምንም ተስተካከለች፣ መሬት ነክታ ሁለቴ ነጠረችና ቆመች። እየተደናቀፍኩ ደረስኩ።

አብራሪዋ ብቻዋን ነበረች። የፊት መስታወቱ ተሰባብሯል፤ ግንባሯ ተጭሯል፤ ፀጉሯ ውስጥ ላባ ተሰክቷል። ድምፅዋ ግን የረጋ ነበር።

«ፊሽካ ሲነፋ የነበረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። አሞራ እያባረርኩ።»

«ማባረር ነው ይሄ ወይስ መላክ?»

ፊሽካዬን ከአንገቴ አወለቅኩ። ሽማግሌው አጥሩን ዞረው እያለከለኩ ደረሱ። ላባውን ከፀጉሯ ላይ አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«ወላሂ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱማ ለምኖኝ ነበር» አሉ።

«የኔም ነው፣ ዘግይቻለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ተካፈሉት» አለች።

አዲስ መስታወት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ቀን ኮምቦልቻ ቀረች። ሽማግሌው ሠርጉ ላይ ጠሯት። ሰዉ ሙሽራዋን ትቶ እሷን ሊያይ ተጋፋ፤ አሮጊቶቹ ግንባሯን እየዳበሱ «አሞራውን ምን ብትበድይው ነው?» ይሏታል። እሷም ምግቡን እየበላች፣ እኔ ስልኬን የማይ መስዬ ወደተቀመጥኩበት ትጠቁም ነበር።

ሠርጉ እንዳለፈ ሽማግሌው አንድ አካፋ ሰጡኝ፤ ሌላውን ራሳቸው ያዙ። ከቤታቸው ጓሮ፣ ከአጥሩ ርቀን፣ ለሆድ ዕቃው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈርን። ከዚያ ወዲህ ሻይዬን የምጠጣው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነው።