ለጥገና የተመለሰው ሥዕል

መጀመሪያ ስለ ቋጠሮው ልንገራችሁ፤ እሱን ሳታውቁ ንዴቴ አይገባችሁም።

እኛ የጭነት መኪና ሸራ እንሰፋለን። እኔ ቆራጭ ነኝ፣ እትዬ ሰፊ ነች። በወርክሾፓችን ሰፊው ሸራውን ሲጨርስ ጥጉ ላይ በክሩ የራሱን ቋጠሮ ያስራል። የአንዱ ሁለት ዙር ነው፣ የሌላው ጅራት አለው፣ የእትዬ ሦስት ዙር ሆኖ ጫፉ ወደ ውስጥ የተቀበረ ነው። ሸራው መንገድ ላይ ካፈሰሰ ይመለሳል፣ ቋጠሮው ይታያል፣ የቋጠሮው ባለቤት ይጠራል። ደንቡም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፦ «ጥፋት የተገኘበት ሥራ ለሰፊው ይመለሳል፤ እስኪጠገን ከእጁ አይወጣም።» ልብ በሉ፣ ቋጠሮው ለወቀሳ ብቻ ነው። ሸራው አሥር ክረምት ቢችል ጥጉን ገልጦ «ይህን የሰፋ እጅ ይባረክ» የሚል የለም። እትዬ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የተመለሰባት ሁለት ሸራ ብቻ ነው፤ አለቆች የሚያስታውሱት ግን እነዚያኑ ሁለቱን ነው።

ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሞላት ሥዕል ጀመረች። ለምን እንደጀመረች ብጠይቃት «እጄን ቀጥ ያለ መስመር ሰለቸው» አለችኝ። ከጠረጴዛዬ ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ሸራ፣ ሥራ አስኪያጁ «ይሄን ቆሻሻ ጥረጉልኝ» የሚለውን፣ እየለቀመች ከሣጥን እንጨት በሠራችው ፍሬም ላይ ትወጥረዋለች። የመጀመሪያው ሸራ ቀለሙን ሁሉ ጠጣባት። በሁለተኛው ኮላ በውሃ አቅጥና ቀባችበት፣ በላዩ ነጭ የግድግዳ ቀለም ደረበች፤ ያኔ ቀለሙ ቆመላት። ማንቆርቆሪያ ሥላ አመጣችልኝ፤ ቁርጥ ዳክዬ። «ዋና ትችላለች?» ብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

እህቷ ግን አልሳቀችም። «ምን ያደርግልሻል?» አለቻት። ጎረቤቷም «ይሸጣል?» አለ። ይሄ ጥያቄ ደሜን ያፈላዋል። ግማሽ ቀን ኳስ ሲያይ የሚውለውን ሰውዬ ምን ያደርግልሃል ብሎ የጠየቀው አለ? ሴትዮዋ ዕድሜ ልኳን የሚጠቅም ነገር ስትሠራ ኖራ፣ አንዲት የማትጠቅም ነገር ስትይዝ አገር ሁሉ ተቆጣጣሪ ሆነ።

እትዬ የምትቀመጠው መጨረሻው ማሽን ላይ ነው። ስለዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቷ ያየችው ጀርባ ነው፤ ስድስት ሴቶች በተርታ፣ አጎንብሰው። እሱን ሣለችው። በምሳ ሰዓት ዕቃ ቤት ጥግ ቆማ፣ ዳቦዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሰባት ወር ፈጀባት። ሲያልቅ አየሁት። ፊት የሌለው ሥዕል ነው፣ ግን እያንዳንዷን በጀርባዋ ለየኋት። እትዬ ስሟን አልጻፈችም፤ ሸራውን ገልብጣ ጥጉ ላይ ሦስት ዙር ቋጠረች።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ዕቃ ቤት ገብቶ አየው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«ሸራው የማን ነው?» አለኝ።

«የድርጅቱ ነው» አልኩ።

ስለ ሸራው ጠየቀኝ፣ ስለ ሸራው መለስኩ፤ ለራሴ የምነግረው ይሄን ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ስለ ሥዕሉ ዝም ማለቴ ግን ነቅዟል።

ከሰዓት በኋላ ሥዕሉ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። እትዬ ልትጠይቅ ገባች። እናቱ ልትሆን የምትችለውን ሴት «አንቺ» እያለ፣ «ሸራው የኛ፣ ቦታው የኛ፤ አንቺ ምን ጎደለብሽ? ይልቅ ደስ ይበልሽ» ብሎ ሸኛት። ትናንት ቆሻሻ ያለው ሸራ ዛሬ ንብረት ሆነ። እሷ ተመልሳ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ብሩሽ አልነካችም።

ከዚያ እንግዶች መጡ። ብዙ ሸራ የሚያሠሩ ደንበኞች ናቸው። ናሙና አምጡ ተባልንና እኔና እትዬ አንድ ሸራ ግራና ቀኝ ይዘን ቢሮው ገባን። ሥራ አስኪያጁ ስለ ቋጠሮው እያስረዳ ነበር። «እኛ ጋ ጥፋት የተገኘበትን ሥራ ሰፊው ራሱ ወስዶ ይጠግናል። በዚህ ደንብ ቀልድ የለም» ይላል። ከእንግዶቹ አንዷ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ይሄን ማን ሣለው? በጣም ያምራል።»

«አንድ የታወቀ ሠዓሊ ነው፣ አሠርተነው ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

እትዬ በሷ በኩል የያዘችውን የሸራ ጫፍ ለቀቀችው። ሄዳ ሥዕሉን ከምስማሩ አወረደች፣ ገለበጠች፣ ጥጉን ለእንግዶቹ አሳየች።

«ይቅርታ፣ ይሄ ሥራ ጥፋት አለበት። የአምስተኛዋ ሴት ግራ ትከሻ ወርዷል። ቋጠሮው የኔ ነው፤ ለጥገና ወስጄዋለሁ።»

እንግዶቹ መጀመሪያ ቋጠሮውን አዩ፣ ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁን አዩ። ከአፉ ገና የወጣውን ደንብ መልሶ ሊውጠው አልቻለም። እትዬ ሥዕሉን በብብቷ ይዛ ወጣች።

ይሄ ከሆነ ስምንት ወር አለፈው። ሥዕሉ ከአልጋዋ በላይ ተሰቅሏል። ሥራ አስኪያጁ በየጊዜው «ያ ነገር ተጠገነ?» እያለ እኔን ይልከኛል፤ እሷም ክሯን እያስገባች «ገና ነው በለው» ትለኛለች። ወርክሾፑ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም እስቃለሁ።

ቤቴ ስገባ ግን ያ ትከሻ ትዝ ይለኛል። ትከሻው አልተሳሳተም። አምስተኛዋ ሴት የግራ ትከሻዋ በእውነት ወርዷል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከባድ ሸራ በግራ እጇ ስትጎትት የወረደ ነው። እትዬ ልክ እንደሆነው ነው የሣለችው። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ ትክክለኛውን ሥራ ለማስመለስ፣ በሰው ፊት፣ በገዛ አፏ ጥፋት ነው ማለት ነበረባት። እኔ ስጠየቅ «የሷ ነው» ብል ኖሮ ያን ባላለች ነበር።