ናሙና የሌለው ቀለም

በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ በር ወደ ውስጥም ተከፈተ ወደ ውጭ ያው በር ነው። የእንጨት ዕቃ ቫርኒሽ የሚቀባበት ያ ክፍል እሳት ሲይዘው ግን ውስጥ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሮጦ በሩ ላይ ተደፋበት። የፊተኛው ስቦ እንዳይከፍት የኋላው ይገፋዋል፤ የኋላው እንዳይቆም እሳቱ ይገፋዋል። ከመካከላቸው አንዱ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር። ታላቅ ወንድሙ በአንገትጌው ይዞ ከግርግሩ መነጠቀው፤ ከግድግዳው አናት ወዳለችው መስኮት በትከሻው ሰቀለውና የእግሩን መዳፍ በእጁ ገፍቶ ወደ ውጭ ጣለው። ጎረምሳው መሬት ላይ ወድቆ ክንዱ ተላጠ፤ ጢሱ አስታወከው፤ ተረፈ። ወንድሙ ግን ትከሻው ሰፊ ነበር። መስኮቷ ጠባብ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ስለ እሳቱ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «እሳት ነበር። ወንድሜ ሞተ። እኔ ቀረሁ።» ሚስቱም ከዚህ የበለጠ ሰምታ አታውቅም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው፤ ሆዱም እንደ ታዘዘው ሲፈጀው ኖረ።

ጎረምሳው አድጎ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ቀማሚ ሆነ። ሰዎች ሚዛን ይሉታል። የተጋጨ መኪና ሲመጣ ላሜራ ቀጥቃጩ ጉድጓዱን ያቃናል፤ ከዚያ ሚዛን የነዳጅ መክደኛውን ፈትቶ እንደ ናሙና ይወስዳል። ከነጩ፣ ከጥቁሩ፣ ከቢጫው እየጨለፈ ይቀምማል፤ በትንሽ ቆርቆሮ ላይ ቀብቶ ያደርቃል፤ ቆርቆሮውን ከመክደኛው ጎን አድርጎ በመብራት ያያል፤ ከዚያም ወደ ግቢው ይዞ ወጥቶ በፀሐይ ያያል። መብራት ያሞካሻል፣ ፀሐይ ግን አትዋሽም ይላል። የእሱ ሥራ ጥሩ የሚባለው ጨርሶ ሳይታይ ሲቀር ነው። ባለመኪናው በራፉን ዳብሶ የተጋጨበትን ቦታ ሲያጣው ሚዛን ከሩቅ ሆኖ ያያል፤ ያን ቀን ምሳው ይጣፍጠዋል።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው። በልጅነቷ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ ንቢት አሏት፤ አድጋም ስሙ አልለቀቃትም። በአንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆና ስትሠራ ቆየችና አንድ ቀን ሳታማክር ተወችው። ባለጋራዡ አዲስ የቀለም መርጫ ክፍል አሠርቶ ነበርና እዚያ ገባች፤ ጭንብል አጥልቃ መርጫ መሣሪያ ይዛ መኪና መቀባት ያዘች። አባቷ ወሬውን የሰማው ከባለጋራዡ አፍ ነው። ያን ዕለት ወደ አዲሱ ክፍል ሄዶ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ማናገር አቆመ።

ነገሩ ቤት ውስጥ ሲታይ ያስቃልም ያሳዝናልም። ሦስቱ ለራት ሲቀርቡ ሚዛን ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ ለሚስቱ፣ «ለልጅሽ ጨው ታቀብለኝ በያት» ይላል።

ንቢትም በተራዋ፣ «እማዬ፣ ለባልሽ ጨው እጁ ሥር ነው በይው።»

«እኔ የሁለት መንግሥት አስተርጓሚ ሆንኩላችሁ» ትላለች ሚስቱ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው። «የተኮራረፋችሁ እናንተ፣ የሚደክመው የእኔ አፍ።»

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጠው። ላሜራ ቀጥቃጩ የድሮ ጓደኛው ነውና መዶሻውን ሳያስቀምጥ ይነካካዋል። «ሚዛን፣ እውነቱን ተናገር። ሴት ልጅ መርጫ ያዘች ብለህ ነው ወይስ ካንተ የተሻለች ቀለም ቀቢ እንዳትሆን ሰግተህ?»

«ዝም ብለህ ብረትህን ቀጥቅጥ።»

«እሺ፣ ብረቱማ እየተቃና ነው። ያስቸገረን አንተ ነህ።»

ንቢትም የገመተችው ይህንኑ ነው፦ አባቴ በሴትነቴ አፈረብኝ። ሚዛን ራሱም ቢጠየቅ፣ ሳታማክረኝ ሥራዋን ለቀቀች፣ ናቀችኝ፣ ስለዚህ ተቆጥቻለሁ ባለ ነበር። የራሱን ሆድ ከሌላው ሰው አብልጦ አያውቀውም ነበር።

ከዚያ ሥራው ይበላሽ ጀመር። የአንዲት አዋላጅ ነጭ መኪና በራፍ ተጠግኖ ወጣ። በማግስቱ ሴትዮዋ መኪናዋን ይዛ ተመልሳ መጣችና በፀሐይ ላይ አቁማ ጠራችው።

«ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ ይዩልኝ። መኪናዬ ሐሞቷ ፈሰሰ እንዴ?»

በራፉ አረንጓዴ ገብቶበታል። ብዙ አይደለም፤ ከሌላው ነጭ ጎን ሲሆን ግን የታመመ ሰው ፊት ይመስላል። ሚዛን አፈረ። እንደገና ቀመመው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ግራጫ መኪና በዚያው ምክንያት ተመለሰ፤ ቀጥሎ ሌላ። ሁሉም ወደ አረንጓዴ አዘንብለዋል። ባለጋራዡ ቆርቆሮዎቹን አንሥቶ አየና፣ «በፀሐይ አላየሃቸውም እንዴ?» አለው።

«ዓይኔ ይበቃኛል።»

ነገሩ ግን የዓይን አልነበረም። ፀሐይ ወደሚገባበት ግቢ ለመውጣት በአዲሱ የመርጫ ክፍል ደጃፍ ማለፍ ግድ ነው፤ ሚዛን ደግሞ በዚያ ማለፍ ትቶ ነበር። ለምን እንደ ተወው ለራሱ እንኳ አልነገረውም። ልጄን ላለማየት ነው ብሎ አልፎታል።

ባለጋራዡ ክፉ ሰው አይደለም። «ወንድሜ፣ ዓይንህን ታየው፤ ትንሽም አረፍ በል። ሥራህ የትም አይሄድም» አለው። ሥራህ የትም አይሄድም የሚባለው ሥራው ሊሄድ ሲል እንደሆነ ሚዛን አላጣውም። የዓይን ሐኪሙ በመሣሪያው አጎንብሶ ሲመረምረው ቆይቶ ቀና አለና፣ «አባቴ፣ ዓይንዎ ከእኔ ዓይን ይሻላል። የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀው። «ምንም» አለ ሚዛን።

ቤት ሲገባ ንቢት ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስታጣጥፍ አገኛት። ከጓደኛዋ ጋር ክፍል ተከራይታለች፤ እሑድ ትወጣለች። ይህንንም የሰማው በእናትየው በኩል ነው። «ለባልሽ ንገሪው፤ ከእንግዲህ ጨው የምታቀብዪው አንቺ ነሽ።»

ሚዛን ጓዳ ገብቶ ተቀመጠ። ሚስቱ ተከትላው ገባች፤ እጇ ላይ ያልጨረሰችው ልብስ አለ።

«ልጅህ ከቤት እየወጣች ነው። ምንም አትልም?»

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«አዎ አይገባም። ውስጥ የነበረውስ በየት በኩል ይውጣ?»

እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመውን የአልጋ ልብስ በእጇ ዳሰሰችው። «ይሄን ታያለህ? ሲከፋኝ ነው የሰፋሁት። ልክ አልወስድም፤ ቀለም አልመርጥም፤ እጄ ያነሳውን እሰፋለሁ። እናቴ የታመመች ጊዜ ይሄ ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ወጣ፤ እየው። እኔ ደህና ነኝ እል ነበር። እጄ ግን ከአፌ ቀድሞ ያውቅ ነበር። አንተ ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ የሰው መኪና ቀለም ስታመሳስል ኖርክ። ለመሆኑ አንተ ውስጥ ያለው ምን ቀለም ነው?»

«ሰው ላሜራ ነው እንዴ?»

«ላሜራማ ሲመታ ይጮኻል» ብላው ወጣች።

ነገሩ ከነከነው። በማግስቱ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው የዕቃ ቤት ገባ። ከዓመታት ሥራ የተረፉ የቀለም ጣሳዎችና የመሞከሪያ ቆርቆሮዎች እዚያ ተከምረዋል። አንድ ቆርቆሮ ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ብሩሽ አነሣ። እጁ አልንቀሳቀስ አለ። ናሙና የለማ! ያ እጅ የሌላውን ነገር እያየ እንጂ በራሱ ቀለም መርጦ አያውቅም። አንድ ሽበታም ሰው ቆርቆሮ ታቅፎ መቀመጡ ለራሱም አሳቀው።

ተቆጥቻለሁ አይደል? አለና ቀዩን ከፈተ፤ ቆርቆሮውን ቀይ በቀይ አደረገው። አየው። ቀዩ ጥሩ ቀይ ነው፤ የእሱ ግን አይደለም። በመብራት የሚመሳሰል፣ በፀሐይ የሚለይ ዓይነት ነው። በቲነር ጠርጎ ጣለው።

ሁለተኛውን ሲያነሣ ምንም ላለማሰብ ሞከረ። አጥሩን እያየ እጁን ለቀቀው። እጁ ቢጫውን አነሣ። ቀጥሎ ጥቁሩን ጠብ አደረገበት፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ቢጫና ጥቁር ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ቀለም ቀማሚ ሁሉ ያውቃል፤ አረንጓዴ ይሆናሉ፤ የደፈረሰ የኩሬ ውኃ የመሰለ አረንጓዴ። ሚዛን ዝቅ ብሎ ሲያየው ልቡ ደንገጥ አለ። የአዋላጅዋ በራፍ፣ የግራጫው መኪና፣ ሁሉም ያዘነበሉት ወደዚህ ነበር።

ሌላ ቆርቆሮ አነሣ። ያው መጣ። ሌላም ጨመረ፤ ይኸኛው ጠቆር አለ እንጂ ያው ነው። በመጨረሻው ላይ የብሩሹ ጫፍ ከጎን በኩል፣ መሐል ላይ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ ጣለች። ቆርቆሮው ቁመቱ ረዘም፣ ጎኑ ጠበብ ያለ ነው። ነጥቧ እጀታ ነበረች።

ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

እሳቱን አላየውም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ፣ እሳቱ ምን ይመስል ነበር ሲሉት ያንኑ አጭር መልስ የሰጠው ደብቆ አይደለም፤ ስላላየው ነው። ያየው በሩን ነው። አረንጓዴ ቀለሙ ከሙቀቱ የተነሣ እንደ ቆዳ እየነፈረቀ፣ እያበጠና እየፈነዳ፣ ሰው ሁሉ የተደፋበት፣ የማይከፈት በር። ላቡ በአንገቱ ወረደ። የተላጠው የድሮ ክንዱ በላው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እሱ የበረየው ግን ልጡ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ነው። ያን ዕለት በአዲሱ የመርጫ ክፍል ደጃፍ ሲቆም፣ ዙሪያውን እንደ ቤንዚን የሚነድ ቲነር የሞላበትን ክፍል አይቶ፣ ልጁን ውስጡ አይቶ፣ በሩም ወደ ውስጥ እንደሚከፈት ዓይኑ አይቶ ነበር። ዓይኑ ለእጁ ነገረው። ለእሱ ግን ማንም አልነገረውም።

ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር። ፍርሃት በቤቱ ውስጥ የቁጣ ልብስ ለብሶ ሲመላለስ ከርሟል።

ቆርቆሮው ሳይደርቅ ይዞት ወጣ። ጋራዡ ሲደርስ ላሜራ ቀጥቃጩ፣ «እንዴ፣ አረፍ በል አልተባልክም?» ቢለው ሳይመልስ አለፈ። በመርጫ ክፍሉ ደጃፍ ሲደርስ እግሩ እንቢ አለው። በሩን ለመንካት እንኳ አልቻለም፤ ከውጭ ሆኖ ግድግዳውን ደበደበ። ንቢት ጭንብሏን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ወጣች።

«እማዬ ምን ሆነች?»

«እናትሽ ደህና ናት።» በአፉ ሲያናግራት ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ነው። ቆርቆሮውን ሰጣት፤ ቀለሙ ጣቶቿን ነካቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በር ነው።»

ከዚያ ነገራት። ቆሞ ነው የነገራት፤ ቃሉ እየተቆራረጠ፣ አንዳንዱን ሁለቴ እየደገመ፦ በሩን፣ ግፊያውን፣ መስኮቷን፣ በእግሩ መዳፍ ሥር የነበረውን የወንድሙን እጅ። «ሴት ነሽ ብዬ አይደለም። አሳፈርሽኝ ብዬም አይደለም» አለ በመጨረሻ።

ንቢት አላቀፈችውም። ፊቷ ቀላ። «አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ወር እኮ አፈረብኝ እያልኩ ነው የምተኛው! አንድ ቃል! አንድ ቃል መናገር አቅቶህ ነው?»

«ቁጣ መስሎኝ ነበር፣ የኔ እናት። አላወቅሁትም።»

እሷ ዞር ብላ በሩን ገፋችው፤ መልሳ ሳበችው፤ እንደገና ገፋችው። በየቀኑ የምትገባበትና የምትወጣበት በር ነው። «እውነትም ወደ ውስጥ ነው» አለች በቀስታ።

ባለጋራዡ ተጠርቶ መጣና በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት ይዙር ሲሉት አጉረመረመ። «አዲስ በር እኮ ነው! ምን አደረገህ?»

«እስካሁን ምንም» አለ ሚዛን።

ላሜራ ቀጥቃጩ ማጠፊያውን ፈታ። ሚዛን በሩ እንዳይወድቅ ደግፎ ያዘ፤ ቀልደኛው ጓደኛው እንኳ ያን ቀን አልቀለደም። ወደ ማታ ገደማ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት ጀመር።

ንቢት እሑድ ወጣች። ክፍሉን ይዣለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም አለች፤ ሻንጣዋን የተሸከመላት ግን አባቷ ነው። ሁሉ ነገር ተቃና ማለት አይደለም። ልጁ ቤት ስትመጣ አንዳንዴ ይፋጃሉ፤ የጠፋው ጊዜ እንደ ላሜራ ተቀጥቅጦ አይመለስም። ሚዛን ወደ ሥራው ተመልሷል፤ መክደኛና ቆርቆሮውን ይዞ በዚያ ደጃፍ አልፎ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ጠዋት ሆዱ ሲከብደው ዕቃ ቤቱ ገብቶ ያለ ናሙና አንድ ቆርቆሮ ይቀባል። አንዳንድ ቀን ስሙን የማያውቀው ቀለም ይወጣል። አንዳንድ ቀን ያው አረንጓዴ ይመለሳል፤ እሱም ዛሬም መጣህ ይለውና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል።

አንድ ቀን ላሜራ ቀጥቃጩ፣ በዕድሜህ ካለፈው ሁሉ ትልቁ ነገር ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀው ቀለም ከማይለቀው ጥፍሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ እንዲህ አለ፦

«ሰዉ ዓይኔን ያመሰግነዋል። ዓይኔ የሰው ነገር ሲያይ ነው የኖረው። ወንድሜ ሲገፋኝ የእጁ ሙቀት እግሬ ሥር ቀርቷል፤ አሁንም አለ። እሱን ለማንም ሳልናገር ልሞት ነበር እኮ። ለልጄ ነገርኳት። ተቆጣችኝ፣ ግን ሰማችኝ። ከዚህ የሚበልጥብኝ የለም። በሩማ የማጠፊያ ጉዳይ ነው።»