በልብስ ሰፊ ሜትር ሰማንያ ሰባት ጊዜ

እትዬ ሴንቲን የማያውቅ ሰው በሠፈራችን የለም፤ ካለም ሱሪው ረዝሞ መሬት የሚጠርግ ሰው ነው። ልብስ ሰፊ ነች። ስሟን ትተን «ሴንቲ» ያልናት የሰው እጅጌ ባየች ቁጥር «ይቺ ሁለት ሴንቲ ትረዝማለች» ሳትል ስለማታልፍ ነው። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዛ እንኳ አታልፍም፤ አንድ ጊዜ ዶክተሩን ራሱን ጋዋኑ ትከሻው ላይ እንደሚጨማደድ ነግራው ነው ወደ ሕመሟ የገባችው።

ሱቋ ጠባብ ነው። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የመቁረጫ ጠረጴዛ። ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ በጥቅል ጨርቆች መሃል የጎልፍ ዱላዎች የያዘ ቦርሳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አዲስ ደንበኛ ሁሉ «ይሄ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «የኔ» ትላለች፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች። ደንበኛው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ነገሩ የጀመረው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ለጎልፍ ክበቡ አሥራ ስምንት ባንዲራ ሰፍታ ልታስረክብ የሄደች ዕለት ነው። አንዱ አባል ለቀልድ ያህል ዱላ አቀበላት። መታች። ኳሷ ሩቅ አልሄደችም፤ ግን በክር የተሰመረች ይመስል ቀጥ ብላ ሄዳ መሃል ሜዳ ላይ ቁጭ አለች። «እጄን ዕድሜ ልኬን ቀጥ አድርጎ መስፋት ነው ያስተማርኩት፤ ሌላ ምን ያውቅልኛል?» ትላለች ስታወራው።

ክበቡ በየዓመቱ አራት ሴቶች መርጦ ከሌላ ከተማ ክበብ ጋር ያጋጥማል። ታናሽ እህቷ፣ ሚጢ የምትላት የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ እነሆ ሦስት ዓመት ከአራቱ አንዷ ናት። እትዬ ሴንቲ ደግሞ የቡድኑን ሸሚዞች ትሰፋለች። በየዓመቱ አራት ሸሚዝ፤ አንዱም የሷ ሆኖ አያውቅም። አምና ለአራተኛው ቦታ ከአንዲት ወጣት የባንክ ሠራተኛ ጋር ተጋጥማ በአንድ ምት ተሸነፈች። ሰኞ ዕለት ያቺው ልጅ ሱቅ መጥታ ክንዷን ዘርግታ ቆመች፤ እትዬ ሴንቲም ለካቻት።

«ደረቷን ስለካ የኔ ደረት ነበር የሚመታው» አለችኝ፣ የሱሪዬን ጫፍ እየቀመቀመች።

በሚመጣው ዓመት ስልሳ ይሞላታል። በክበቡ ደንብ ስልሳ የሞላው ወደ አንጋፋዎቹ ምድብ ይዛወራል። ስለዚህ ከእህቷ ጎን፣ ያንኑ ሸሚዝ ለብሳ የመሰለፍ ዕድሏ የቀረው ዘንድሮ ብቻ ነበር፤ ተጋጣሚዋም ያቺው የባንኳ ልጅ።

ጎልፍ ኳስን በተቻለ መጠን በጥቂት ምት አሥራ ስምንት ጉድጓድ ውስጥ በየተራ የማስገባት ጨዋታ ነው። እትዬ ሴንቲ አምና የተሸነፈችበትን ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ስታመነዥክ ከርማ አንድ ቃል ላይ ደረሰች፦ ርቀት። የባንኳ ልጅ በአንድ ምት የምትሄደውን እሷ በአንድ ተኩል ነው የምትሄደው። ይህን ለጎልፍ ዕቃ መደብር ሻጭ ብትነግረው ልጁ ዓይኑ በራ። ለመጀመሪያው ምት የሚያገለግል ረጅም ዱላ፣ ጭንቅላቱ የሚያብረቀርቅ፣ ከነሳጥኑ አወጣላት። ሳጥኑ ላይ በጉልህ «ሃያ ሜትር ተጨማሪ!» ይላል።

«እስከ ዓርብ ይሞክሩት፣ እትዬ» አላት። «ዓርብ ወይ ዱላውን ወይ ዋጋውን።»

እሑድ ጠዋት መለማመጃው ሜዳ ታርሶ አዲስ ሣር ከተዘራበት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። በሜዳው ላይ በየሃምሳ ሜትሩ ቁጥር የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ይተከላሉ። የእትዬ ሴንቲ ኳስ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ መቶ ሃምሳ ከሚለው ሰሌዳ ጋር ተጨባብጣ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ሃያ ሜትር ሲቀራት ነው የምትቀመጠው። አዲሱን ዱላ አነሣች። መታች።

ኳሷ በረረች፣ ወረደች፣ ነጠረች፤ ሰሌዳውን አልፋ ቆመች።

«አለፈች!» ብላ ጮኸች። «ሚጢ! አየሽ? አለፈች እኮ!»

«አየሁ፤ ጆሮዬን ግን ልቀቂኝ» አለች እህቷ።

ያን ዕለት ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን ሆነ። ሁሉም ርቀት ጨምሮ ነበርና! አዲስ ዱላ የገዙት ዱላቸውን አወደሱ። ያልገዙትም የየራሳቸውን ምክንያት አላጡም፤ ጥርስ ሐኪሙ አዲስ ጫማውን አመሰገነ፤ ጡረተኛው ዳኛ ደግሞ «ሲጋራ ማቆም ማለት ይሄ ነው!» እያሉ ደረታቸውን ደበደቡ። ደስታው አንዱን ካንዱ እያያዘ ሄደ፤ እንዴት ይሄ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ጎበዘ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ደስ ያለው ሰው ምን ቆርጦት ይጠይቃል?

እትዬ ሴንቲ ሰኞ በአዲሱ፣ ማክሰኞ በአዲሱ። ኳሷ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ ትሄዳለች፤ ምን ቸገራት፣ ሩቅ ትሄዳለች። ረቡዕ ከሰዓት ሱቅ ዘግታ ከእህቷ ጋር ስትሄድ ግን አሮጌውን ዱላዋንም ይዛ ነበር።

«ለምንድነው የያዝሽው?» አለች ሚጢ።

«ለስንብት። አሥራ አራት ዓመት አብረን ኖረን ዝም ብዬ ማዕዘን ላይ ልጣለው? አንድ ኳስ እመታበትና አመስግኜ እሸኘዋለሁ።»

መታች። ኳሷ እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ሄዳ ሄዳም መቶ ሃምሳ የሚለው ሰሌዳ ሥር ቁጭ አለች።

ሁለቱም አንገታቸውን አሰገጉ።

«አሮጌውን ደግሞ ማን ነገረው?» አለች ሚጢ።

«ደግሜ ልምታ።» መታች። እዚያው። ሦስተኛም መታች። እዚያው።

«እትዬ፣ ወይ ጎረምሳ ሆነሻል፣ ወይ...»

«ወይ ምን?»

«ወይ ሰሌዳው መጥቶ ተቀብሎሻል።»

እትዬ ሴንቲ ሰሌዳውን አየች። ዓይኗ ሲጠብ ልኩ ያልገጠመ ኮት ያየች ትመስላለች። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፤ የልብስ መለኪያ ሜትሯ እንደ ሁልጊዜው እዚያው ተንጠልጥሏል። መቶ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ የማይበልጥ።

«ያዥ ጫፉን» አለች።

«አብደሻል? በዚህ ነው ሜዳ የምንለካው?»

«አስተማሪ አይደለሽም? መቶ ሃምሳ ሜትር ስንት መቶ ሃምሳ ሴንቲ ይወጣዋል?»

«መቶ» አለች ሚጢ፤ አለችና ሳቋ አመለጣት። «ልክ መቶ ጊዜ!»

ከመምቻው ቦታ ተንበርክከው ጀመሩ። አንዷ ጫፉን ትይዛለች፣ አንዷ ትዘረጋለች፣ የልብስ ጠመኔ ሣሩ ላይ ታኖራለች፣ ይቀጥላሉ። ሰው ሁሉ መምታቱን ትቶ ያይ ጀመር። «እትዬ ሴንቲ፣ ለሜዳው ሱሪ ልትሰፊለት ነው?» አለ ጥርስ ሐኪሙ። «ለአንተ አፍ ቁልፍ ልሰፋለት ነው» አለችው ቀና ሳትል። ሃምሳ። ስልሳ። ሰባ ላይ ዳኛው አብረው መቁጠር ጀመሩ። ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ሰባት፤ የእትዬ ሴንቲ እጅ የሰሌዳውን እግር ነካ።

ሰማንያ ሰባት! መቶ ሃምሳ የሚለው ሰሌዳ የተተከለው መቶ ሠላሳ ሜትር ላይ ነው።

ሜዳውን የሚንከባከቡት ሽማግሌ፣ ሁሉም ጋሼ ሣር የሚላቸው፣ ባልዲያቸውን እንደያዙ መጡ።

«ጋሼ፣ ሣሩ ሲዘራ ሰሌዳዎቹን ነቅለው መልሰው የተከሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«በምን ለክተው?»

«በምን ትያለሽ? በእርምጃዬ ነዋ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እርምጃዬ አንድ ሜትር ነች፤ ከፈለግሽ...» ብለው ሊያሳዩ አንድ እግራቸውን ዘረጉ። ባለፈው ክረምት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ጉልበታቸው ግማሽ መንገድ ላይ ያዝ አደረጋቸው። ጋሼ ሣር እግራቸውን አዩ፤ ከዚያ ሰሌዳውን አዩ። «ወይ ጉዴ!» አሉ። «ሜዳውን አሳጠርኩት!»

ዳኛው ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው በሳቅ ፈረሱ። ጋሼ ሣር ግን ፊታቸው ተለዋወጠ፤ እትዬ ሴንቲ ክንዳቸውን ይዛ «ጋሼ፣ የርስዎስ በጉልበትዎ ነው፤ እኔ ሳጥን አንብቤ አይደል የታለልኩት?» አለቻቸው። በማግስቱ ሁለቱ ሆነው ሰሌዳዎቹን በትክክለኛ ሜትር መልሰው ተከሉ። ሐሙስ ዕለት ጥርስ ሐኪሙ ጫማውን ሲረግም ዋለ።

ረቡዕ ዕለት ግን ገና አልጨረሰችም። ከቦርሳዋ ሁለት ዓይነት ቁርጥራጭ ጨርቅ አወጣች፤ ቀይ ለአሮጌው፣ ሰማያዊ ለአዲሱ። በእያንዳንዱ ዱላ አሥር አሥር ኳስ መታች፤ ሚጢ እየሮጠች ኳሱ በቆመበት ጨርቅ ታኖራለች። ሲያልቅ ከዳገቷ ላይ ሆነው አዩት። ቀዮቹ እንደ ጥሩ ስፌት ተከታትለው ተኝተዋል፤ አንዷ ብቻ ወጣ ብላለች። ሰማያዊዎቹ ከቆርቆሮ እንደ ተበተኑ የልብስ ቁልፎች ናቸው። የመጨረሻው ጉድጓድ መንገድ ሃያ አምስት ሜትር ስፋት አለው፤ ግራው ኩሬ፣ ቀኙ ዛፍ። በዚያ ስፋት ቢለካ ከሰማያዊዎቹ አራቱ ኩሬ ወይም ዛፍ ውስጥ ናቸው።

ግን አንዷ ሰማያዊ! አንዷ ከሁሉም ቀይ ሰባት ሜትር ቀድማ፣ ቀጥ ብላ፣ ብቻዋን ቆማለች።

«እሷን አየሻት?» አለች እትዬ ሴንቲ፣ ድምጿ ተለሳልሶ።

«አየኋት። ዘጠኙንም አየሁ።»

«ሰባት ሜትር እኮ ነው፣ ሚጢ።»

«አንድ እጅጌው ብቻ ያማረ ኮት ሰፍተሽ ብትሰጪ ደንበኛው ይቀበልሻል?»

እትዬ ሴንቲ ከዳገቷ ወረደች። ጨርቆቹን ስትለቅም ያቺን ሰማያዊ መጨረሻ አነሣቻት።

ዓርብ ዱላውን መለሰች። ሻጩ ልጅ አልተከራከረም። «ሳጥኑ አይዋሽም፣ እትዬ» አላት፤ «ግን የማን ክንድ እንደሆነ አይናገርም።» መውጫው ላይ የባንኳን ልጅ አገኘቻት፤ ልጅቷ ያንኑ ዱላ ገዝታለች። እትዬ ሴንቲ ይዛ ማደር አልቻለችም፤ የሰሌዳውን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻት።

«እትዬ፣ ልታስፈሪኝ ነው አይደል?» ብላ ልጅቷ ሳቀች።

«ላስፈራሽ ብፈልግ የወገብሽን ልክ እነግርሽ ነበር።»

የግጥሚያው ቀን ቅዳሜ መጣ። እኔም ሄድኩ፤ ያልሄደ የለም። የባንኳ ልጅ ስትመታ ሰው «ዋ!» ይላል፤ እትዬ ሴንቲ ስትመታ ሰው ዝም ይላል። ዋ ያሉለት ኳስ አምስተኛው ጉድጓድ ላይ ኩሬ ገባ፤ አሥራ አንደኛው ላይ ዛፍ ውስጥ ጠፋ። ልጅቷ ግን የዋዛ አይደለችም፤ የቀረውን በጉልበቷ እየነጠቀች መለሰች። ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ሲደርሱ እትዬ ሴንቲ የምትመራው በአንዲት ምት ብቻ ነበር፤ አምና የተሸነፈችባት ያቺው አንዲት ምት።

የባንኳ ልጅ ቀደመች። መታች። ኳሱ ኩሬውንም ዛፉንም ሳያይ በመሃል ለመሃል ሄደ፣ ሄደ፣ ገና ይሄዳል! ሰው ጮኸ፣ ዳኛው ባርኔጣቸውን ወረወሩ። ሚጢ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ራሴ በልቤ «ያቺ ሰማያዊ ኖራ ቢሆን» አልኩ።

እትዬ ሴንቲ አሮጌውን ዱላ አነሣች። መቶ ሠላሳ ሜትር፤ ቀጥ ያለ፣ መሃል ሜዳ። ከባንኳ ልጅ ኳስ ስልሳ ሜትር ያህል ወደ ኋላ። ሁለተኛውን መታች፤ ገና አልደረሰችም። የባንኳ ልጅ በሁለተኛው ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር ላይ አሳረፈች፤ እትዬ ሴንቲ የደረሰችው በሦስተኛው ነው። ልጅቷ በሦስተኛው ጠርዝ ነካች፣ በአራተኛው አስገባች። አሁን እትዬ ሴንቲ በአራተኛው ካስገባች ቦታው የሷ ነው፤ ከሳተች እኩል ሆነው እንደ አዲስ ሊጋጠሙ ነው፣ ክንዷም ዝሏል።

ተንበርክካ መሬቱን አየች። «ሦስት ሜትር» አለች፤ የአንገቷን ሜትር ማለቷ ነው። በትክክለኛው ሜትር አራት ተኩል መሆኑ ነው። ቆመች። ነካቻት። ኳሷ ተንከባለለች፣ ጠርዙ ላይ ያመነታች መሰለች፤ ከዚያ «ቋ» የሚል ድምፅ ከጉድጓዱ ሰማን።

ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም። እኔን ያቀፈኝ ጥርስ ሐኪሙ ነው፤ በባዶ እግሩ ነበር። የባንኳ ልጅ ዱላዋን ጥላ መጥታ እትዬ ሴንቲን ሁለት ጉንጯን ሳመቻት። «እውነት ነበር የነገርሽኝ?» አለቻት። «ሰማንያ ሰባት ጊዜ» አለቻት እትዬ ሴንቲ።

ሰኞ ሱሪዬን ልወስድ ስሄድ ሱቁ ግማሽ በሩ ተዘግቷል። ሦስት ሸሚዝ ተሰፍቶ ተሰቅሏል፤ የአራተኛው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ሳይቆረጥ ተዘርግቷል። ሚጢ ሜትሩን ይዛ እህቷን ለመለካት ትታገላለች።

«ሆድሽን አትሳቢ!»

«አልሳብኩም!»

«ስበሻል። ቀጥ በይ። ትከሻ... አርባ አንድ። ደረት... ዘጠና ስምንት።»

እትዬ ሴንቲ ክንዷን እንደዘረጋች ወደኔ ዞረች፤ ዓይኗ ይስቃል፣ ደግሞም እንባ አለው።

«ጻፍልኝ እስቲ» አለችኝ። «ደግሞ የለካችኝ በሜትር ይሁን በእርምጃ አረጋግጥልኝ።»