እትዬ ደወልና ጊታረኛው አማቻቸው

ሰው ከአማቱ ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ እንኳ ያሳቅቀዋል፤ ይሄ ሰውዬ ግን ከአማቱ ጋር መድረክ ይወጣል። እሱ ጊታር ይመታል፣ እሳቸው ይዘፍናሉ። ሠርግም ይሁን ምረቃ፣ የጠራቸው ሁሉ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚጠራው። በሥራ ቀን እሱ ማቀዝቀዣ ይጠግናል። እሳቸውን አገር ምድሩ እትዬ ደወል ይላቸዋል፤ ድምፃቸው ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላል። ይሞላ ነበር ማለት ሳይሻል አይቀርም።

መጀመሪያማ ዓይንህን ላፈር ብለውት ነበር። ልጃቸውን ሊጠይቅ የመጣ ጊዜ «የጊታር ሳጥን ተሸክሞ ለሚዞር ሰው ልጅ አልሰጥም» አሉ። ልጅቷ ግን ልቧን ሰጥታ ጨርሳለች፣ ምን ያድርጉ፣ ዋጥ አደረጉት። በኋላ ባለቤታቸው ሞቱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እህል አልቀምስም፣ ሰው አላይም አሉ። አንድ ቀን አማችየው በራቸው ላይ በርጩማ ስቦ ጊታሩን ሲነካካ፣ ከውስጥ «እሱ ጋ ተሳስተሃል» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጠሉና ዜማውን ራሳቸው አወጡት። አብረው መሥራት የጀመሩት እንዲህ ነው።

ጣጣው የመጣው ከመሐላቸው ነው። አንድ ሠርግ ላይ ድምፁ የከዳው አንጋፋ ዘፋኝ ሲዘፍን፣ ሰዉ ከንፈሩን እየመጠጠ አጨበጨበለት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ እትዬ ደወል «ድምፄ ወርዶ መድረክ ላይ ብታዩኝ ውሻ በሉኝ» ብለው በሰው ፊት ምለው ቁጭ።

አማችየው ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል፤ ዘፈኑ የቀረ ቀን ወደዚያ ግድግዳ ይመለሳሉ። ስለዚህ ድምፃቸው መድከም ሲጀምር ተንኮል አሰበ። የጊታሩን አንገት ቆንጥጣ የምትይዝ ካፖ የምትባል ብረት አለች፤ ወደ ጊታሩ ሆድ ስትጠጋ ዜማው ይወጣል፣ ወደ ጭንቅላቱ ስትሸሽ ይወርዳል። እሱም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያሸሻት ጀመር። ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። እትዬ ደወል «ይሄ ዘፈን ድሮ ያስጨንቀኝ ነበር፣ አሁን እንደ ውሃ ይወርዳል» ሲሉ፣ «እንዴታ» ይላል። ዕቃ ስለሚጥል ካፖዋን ቦርሳቸው ውስጥ የሚይዙለት እሳቸው ናቸው። የምትሸሽበት ቦታ ሲያልቅ፣ ተቀብሎ ኪሱ እየከተተ ያለ እሷ ይመታ ጀመር።

በቀደም የጎረቤት ልጅ ሠርግ ላይ ሊጀምሩ ሲሉ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። ቦርሳቸውን አልከፈቱም።

«ቤት ትቻት መጣሁ» አሉ። «ለኪስህ አይደል የምትፈልጋት?»

ሰውዬው የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። «እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

«ጆሮዬም እንደ ድምፄ የደከመ መሰለህ?»

«ታዲያ መሐላዎስ?»

«የማልኩት ሰው እንዳያዝንልኝ ነው። አንተ መች አዘንክልኝ፣ ሠራህልኝ እንጂ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዛሬ ግን ከዚህም ዝቅ በልልኝ።»

ከዚህ በታች ያለው ክሮቹን ማላላት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። አጎንብሶ አንድ በአንድ ሲያላላ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። እትዬ ደወል ማይኩን አነሱ።

«ትንሽ ታገሡን። ድምፄ ወርዷል፤ አማቼ ጊታሩን ወደ እኔ እያወረደው ነው። ምዬ እንደነበር የምታውቁ ውሻ በሉኝ፣ መጀመሪያ ግን ዘፈኑን ስሙ።» ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ይሄን ሰው ሳጥን ተሸካሚ ብዬ ልጄን ከልክዬው ነበር። ለካ እኔንም ተሸክሞኝ ኖሯል።»

እሱ ቀና ማለት አቅቶት ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

«ጨረስክ፣ ልጄ?» አሉት። አማቻቸው ከሆነ ጀምሮ አንድ ቀን ልጄ ብለውት አያውቁም።

«ጨርሻለሁ» አለ። አልጨረሰም፤ አንዷ ክር ገና ነበረች። ዘፈኑን ሙሉ እሷን እየዘለለ መታ።