ግራ እጅ የማይጠይቀው ኤዲተር

ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ያለውን የኤፍ ዘጠኝ ቁልፍ ተጫነ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ ሙከራ የሚባል ሰፈር አለ እንዴ?» አለ ከዋናው መናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛው።

«ምን?»

«ሰሌዳው ላይ ያለው አውቶቡስ ሁሉ ወደ ሙከራ ነው የሚሄደው። ተሳፋሪው ግራ ገብቶት ቆሟል። አንድ አዛውንት ‹አዲስ መስመር ከሆነ እስኪ ልየው› ብለው ገብተው ተቀምጠዋል፤ ውረዱ ብላቸው እንቢ አሉ።»

ወዲያው ገባት። የአውቶቡሶቹን ስምሪት ኮድ በምትጽፍበት በድሮው ኤዲተር ኤፍ ዘጠኝ ማለት ሴቭ ማድረግ ነበር፣ ከሃያ ዓመት በላይ። በአዲሱ ግን ያው ቁልፍ የተጻፈውን በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ሰሌዳ ይልካል። ኤዲተሩን አምጥቶ ቁልፉን እንዲህ ያደረገው አጠገቧ የሚቀመጠው ወጣት ፕሮግራመር ነው፤ ቢሮው ሁሉ ጺሞ ይለዋል። እሷ የመድረሻዎቹን ቦታ ሁሉ ለጊዜው «ሙከራ» ብላ ሞልታ ልታስቀምጥ ነበር። ላከችው።

«ነግሬዎት ነበር እኮ፣ እትዬ» አለ ጺሞ ትክክለኛውን መርሐ ግብር እየመለሰ።

«ለእኔ ነግረኸኛል። ለጣቴ ግን አልነገርክም።»

ሰሌዳው ተስተካከለ። አዛውንቱ እያጉረመረሙ ወረዱ።

የድሮውን ኤዲተር የሠሩት ሰዎች ሥራውን ማቆማቸውን ያሳወቁት በሁለት መስመር መልእክት ነበር። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ጭራሽ አይቀበሉትም። የእሷ አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ወሩ ሲያልቅ ከጠረጴዛዋ ይነሳል። ስለዚህ ምትክ ስትፈልግ ሰንብታለች። የመጀመሪያው የጀመረችውን ቃል ከአፏ ነጥቆ ይጨርሳል፣ እንደ ነገረኛ ጎረቤት። ሁለተኛው እስኪከፈት ድረስ ሰው አግብቶ ይወልዳል። ሦስተኛው ቆንጆ ነው፤ ግን ጠዋት ጠዋት አፕዴት ካልተደረግሁ ብሎ ያኮርፋል። አራተኛው ይኸው የጺሞ ነው። በሁሉም ላይ ቀኝ እጇ የለመደውን እየፈለገ፣ ቤቱ እንደፈረሰበት ሰው ይንከራተታል።

ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ መጣ። ከእሷ በዕድሜ ያንሳል፤ ጨዋ ሰው ነው።

«የአስተባባሪነቱ ወንበር አሁንም ክፍት ነው» አላት። «ስብሰባ ይመራሉ፣ ሪፖርት ያያሉ። ኮዱን ለልጆቹ ይተዉላቸው።»

በለሰለሰ ድምፅ ነው የተናገረው፤ የባሰባትም እሱ ነው። ቢቆጣ መልስ ነበራት። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡትን አይታለች። በመጀመሪያው ዓመት ስለ ኮድ ያወራሉ፣ በሁለተኛው ስለ ስብሰባ፣ በሦስተኛው ስለ ደም ግፊት።

«እስከ ሰኞ ላስብበት» አለች።

ቅዳሜ ቢሮው ባዶ ነበር። ብቻዋን ተቀምጣ ከጺሞ ኤዲተር ጋር ስትታገል ልጇ ልትወስዳት መጣች። ልጅቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ስለ ኮድ የምታውቀው እናቷን ከምሳ እንደሚያስቀር ብቻ ነው። የጺሞ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፣ ከዚያ የእናቷን እጆች ማየት ጀመረች።

«እማ፣ ግራ እጅሽን ያመሻል?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው ያለ ጊዜው ጡረታ የወጣው?»

እናትየዋ ጎንበስ ብላ አየችው። ግራ እጇ ጭኗ ላይ ነበር። ክርኑ ታጥፏል፣ መዳፉ ወደ ላይ ተከፍቷል፤ የሆነ ነገር የታቀፈ ይመስላል። ቢሮ ውስጥ በሌለችበት «ባለአንድ እጇ» እንደሚሏት ታውቅ ነበር። ሙገሳ ይመስላት ነበር፤ ሥራውን በአንድ እጇ ትጨርሰዋለች ማለታቸው።

የድሮው ሕንፃ የማሽን ክፍል፣ ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች የነበሩበት፣ ትዝ አላት። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ተብሎ ክፍሉ በጋ ከክረምት ይቀዘቅዛል። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ፣ ሕፃኗን የሚይዝላት ሰው ጠፍቶ፣ በሹራብ ጠቅልላ ይዛት የገባችበት ጠዋት። ልጅቷ የማሽኖቹን እምም የሚል ድምፅ ስትሰማ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ካስቀመጧት ግን ሕንፃውን ታነቃለች። ስለዚህ በግራ ክንዷ እንዳቀፈቻት፣ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደል ትለቅማለች። ችግሩ ትእዛዞቹ ነበሩ። በግራ እጅ አንዱን ቁልፍ ይዞ በቀኝ ሌላውን መምታት ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ሩቁን ቁልፍ ለመድረስ ስትንጠራራ ሕፃኗ ከክንዷ ሸርተት አለች። የያኔው ሽማግሌ አለቃዋ አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ» አሉና ወንበራቸውን ስበው መጡ።

ያን ቀን ከሰዓቱን በሙሉ የኤዲተሩን ትእዛዞች አንድ በአንድ ወደ ቀኝ እጇ አዛወሩላት። ኤዲተሩ ሁሉንም ቁልፍ ለመቀየር ይፈቅድ ነበር።

«ማሽን ስንት እጅ እንዳለሽ አያውቅም» አሉ ሲጨርሱ። «አንድ ነው ካልሽው፣ አንድ ነው ብሎ ያምናል።»

ልጅቷ ዳኸች፣ ቆመች፣ ትምህርት ቤት ገባች። ቁልፎቹ እዚያው ቀሩ። ሽማግሌው ሲሞቱ ቀብረተኛውን የሚወስዱትን አውቶቡሶች ስምሪት የጻፈችው በእነዚያው ቁልፎች ነው።

ይህን ለልጇ ነገረቻት፣ ሳታስረዝም።

«እኔ ነኛ ያሰርኩሽ» አለች ልጅቷ።

«አንቺማ ተኝተሽ ነበር።»

ልጅቷ ወንበሩን እንደገና አዞረችው። «እኔም ጋ እንዲህ ያሉ ይመጣሉ። ‹የድሮዋ ሠሪዬ እንደምትሠራኝ አድርጊልኝ› ይሉኛል። የድሮዋን ከየት ላምጣላቸው? አንዷ ፀጉሯን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ታስከፍላለች። ለምን ብላት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ግንባሯ ላይ ያለ ጠባሳ ለመደበቅ ነው። ብፈልገው ጠባሳ የሚባል የለም። ድሮ ጠፍቷል።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«ባለችው በኩል ከፈልኩላት። ደንበኛ ናት፣ ልጣላት ነው?»

እናቷ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግራ እጇን ከጭኗ ላይ አንስታ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችው። ጣቶቹ የማያውቀው ቤት እንደገባ ልጅ ተሰብስበው ቆሙ። አንድ መስመር በሁለት እጅ ጻፈች። ተሳሳተች። አጠፋችው፣ እንደገና ጻፈችው፣ እንደገና ተሳሳተች። ሥራ የጀመረች ሰሞን እንኳ እንዲህ ቀርፋፋ አልነበረችም።

«እንሂድ በቃ፣ ራበኝ።»

«ቆይ፣ ሴቭ ላድርግ።»

ቀኝ እጇ ወደ ኤፍ ዘጠኝ ሲሄድ ያዝ አደረገችውና ወደ ኋላ መለሰችው። የግራዋ ትንሿ ጣት ታችኛው ጥግ ያለውን የኮንትሮል ቁልፍ ያዘች፤ ሌላዋ ጣት ኤስን ነካች። የጻፈችው ተቀመጠ። ሰሌዳው ጋ የሄደ ነገር የለም። ስልኩም አልጮኸም።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ወንበሩን ለሌላ ሰው ይስጡት።»

«ኤዲተር አገኙ ማለት ነው?»

«የጺሞን።»

«ያንን? ሙከራ የላከውን?»

«እሱኑ። ለጥቂት ወር እዘገያለሁ። ይታገሱኝ።»

ኃላፊው ትንሽ አሰበና እሺ አለ። ወሩ አለቀና አሮጌው ኮምፒውተር በዚያው ሳምንት ተነሳ። የተሸከሙት ሰዎች በሩ ጋ ሲደርሱ ኪቦርዱን ረስተው ስለነበር ተመለሱ፤ ራሷ ነቅላ ሰጠቻቸው። በግራ ጥግ ያሉት የትእዛዝ ቁልፎች ጽሑፋቸው እንደ አዲስ ይነበብ ነበር።

በአዲሱ ኤዲተር ላይ የቀየረችው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ኤፍ ዘጠኝ ሲጫኑት ምንም አያደርግም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በየቀኑ ትጫነው ነበር።