ዘይት አትነካም

መኪናዋን የገዛኋት ሳንሱሲ፣ ከቤታችን አራት በር አለፍ ብለው ከሚኖሩ ሽማግሌ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሁለት ሰዎች ጭምር፣ «ጋሼ» ይላቸዋል። መኪናዋ ነጭ ናት፤ ከእኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች። ለምን እንደሚሸጧት ስጠይቃቸው «መንዳት ሰለቸኝ» አሉኝ። አርባ ዓመት የነዳ ሰው ቢሰለቸው አይፈረድበትም ብዬ አለፍኩት።

የተስማማን ዕለት ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዙ። ጫፏን በሁለት ጣታቸው ዳሰሱ፣ ጣታቸውን አሸተቱና ዘንጓን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ተመልከቺ።»

ተመለከትኩ። ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ድረስ ነው።

«ዘይት አትነካም» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት ስይዛት ዘይት እቀይርላታለሁ እንጂ በመሃል አንዲት ጠብታ ጨምሬባት አላውቅም። ዘይት የሚበላ መኪና ካየሽ ጥፋቱ የመኪናው እንዳይመስልሽ። የነጂው ነው።»

ባለቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው አላዩንም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ቤቴል አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። በየቀኑ «ማዘዣው ቤት ቀርቶብኝ ነው» የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ፣ የተባልኩትን ሁሉ የማመን ልማድ የለኝም። ጋሼን ግን አመንኳቸው። ጣታቸውን ያሸተቱበት ሁኔታ የሚዋሽ ሰው ሁኔታ አልነበረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኬራንዮ አካባቢ መንገድ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ፣ ከመሪው በስተጀርባ ማንቆርቆሪያ የምትመስል ቀይ ምልክት በራች። የምታምር ምልክት ናት። ምን እንደሆነች ስላላወቅኩ ዝም አልኳት። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ የነበረው የሚኒባስ ሾፌር በጎኔ መጥቶ መስኮቱን አወረደ።

«እናት፣ ምንድነው የምታበስዪው?»

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ያለው መንገድ የለም። በሱ ፋንታ ሰማያዊ ጭስ አለ። ጥግ ይዤ ቆምኩ፤ እንደ ጋሼ ዘንጓን መዝዤ በሁለት ጣቴ ዳሰስኳት። ደረቅ ናት። ጣቴን አሸተትኩ። የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

በማግስቱ አስኮ ወዳለ አንድ መካኒክ ወሰድኳት። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። መድኃኒት ቤት እንደምሠራ ከሰማ ጊዜ ጀምሮ «ዶክተር» ይለኛል፤ አላረምኩትም። ሞተሩን አስነሣ፣ ከኋላ ሄዶ መዳፉን የጭስ ማውጫው ላይ ደቀነና አሳየኝ። መዳፉ ጠቁሮ፣ በዘይት ወዝቷል።

«ፋሻው አልቋል» አለ።

መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው ይሄ በየሳምንቱ የሚሰማ ነገር ነው። ግራ እንደገባኝ አይቶ፣ ፋሻ የሚባለው ፒስተኑን እንደ ቀለበት የሚከበው ብረት እንደሆነ፣ እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ሾልኮ ከቤንዚኑ ጋር እንደሚቃጠል አስረዳኝ።

«በሳምንት ምን ያህል ትጨምሪያለሽ?»

«ምንም። ዘይት አትነካም ተብዬ ነው የገዛኋት።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አትነካም። ትጠጣለች እንጂ» አለ። ከዚያ ይሄ የአንድና የሁለት ዓመት ነገር እንዳልሆነ፣ ሞተሩ ወርዶ ካልተሠራ በቀር በየጊዜው እየጨመርኩ ከመንዳት ሌላ መላ እንደሌለው ነገረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሌሊቱን የምናገረውን ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት። ቃላቱ ከባድ ነበሩ፤ «ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለት ቦታ ነበረበት። ስደርስ ጋሼ ለቅሶ ሄደዋል። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ያዘጋጀሁት ነገር አፌ ላይ ስለነበር ለሳቸው ተናገርኩት። እስክጨርስ ጠበቁኝና ወደ ጓዳ ገብተው፣ እስከ ግማሽ ድረስ የሞላ የሞተር ዘይት ጀሪካን ይዘው ወጡ።

«የሷ ነው» አሉ። «የወሰድሻት ዕለት አብሬ ልሰጥሽ ብዬ እሱ አልሄድ አለኝ። ከከሰሉ ጆንያ ኋላ ነው የማስቀምጠው።»

ተቀመጥኩ።

እትዬ ነገሩን እንደ ወጥ አሠራር ነው ያስረዱኝ። መኪናዋ ዘይት መብላት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው፤ ጋሼ ያን ጊዜ ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ ጀምሯቸዋል። እትዬ በየጠዋቱ ከኪዳን ሲመለሱ፣ ጋሼ ሳይነሡ፣ ኮፈኑን ከፍተው በጠላ መቅጃ ማንቆርቆሪያ የጎደለውን ይሞላሉ። ጋሼ ተነሥተው ዘንጓን መዝዘው ይዳስሳሉ። ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ደስ ብሏቸው ቁርስ ይበላሉ።

«ጭሱስ?»

«እሱ የት ያየዋል። ሲሸተው የፊተኛው መኪና ነው እለዋለሁ።»

«እትዬ፣ ጋሼ እኮ እስካለፈው ክረምት ይነዱ ነበር።»

«መሪውን እሱ ይይዛል፣ መንገዱን እኔ አይለታለሁ። ሁለታችን ተጋግዘን አንድ ሾፌር ይወጣናል» አሉ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «አንድ ቀን መንገድ መሃል ቆመና 'ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው የማትሻገረው' አለኝ። አህያ ናት። አልነገርኩትም። መኪናው ይሸጥ ያልኩት ያን ዕለት ማታ ነው።»

ልቆጣ ነበር የሄድኩት። ቁጣው የት እንደገባ አላውቅም፤ ፈልጌ ጥቂት አገኘሁ። «ለእኔ ግን ሊነግሩኝ ይገባ ነበር» አልኳቸው።

«ይገባ ነበር» አሉ ሳይከራከሩ። «መልሺያት ካልሽም መልሺያት። ግን ለእሱ የምትነግሪውን ምክንያት አንቺው ፈልጊ። እኔ ስድስት ዓመት ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አሁን አልቆብኛል። ዓይኑ ሄደ፣ ጥርሱ ሄደ። በሥራው ግን አንድ ሰው ክፉ ስም አውጥቶለት አያውቅም። መኪናህን ገደልካት ልበለው?»

ይሄኔ የውጭው በር ተንኳኳ፤ ጋሼ ከለቅሶ መጡ። ሰላም ስላቸው በድምፄ ለዩኝ።

«መጣሽ? መኪናዋ እንዴት ናት?»

እትዬ ጀሪካኑን በነጠላቸው ጋረዱት። ፊታቸውን አየሁ። ምንም አልለመኑኝም፤ ጀሪካኑን ብቻ ያዙ።

«ደኅና ናት ጋሼ።»

«ዘይትስ?»

«አትነካም።»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ አሥር ወር ያህል በየጠዋቱ ከመድኃኒት ቤት ያመጣሁትን ጓንት አድርጌ፣ ኮፈን ከፍቼ የጎደለውን እሞላ ነበር። ጋሼ ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሳልፍ ድምፄን ሰምተው ያስቆሙኛል፤ አንዳንዴ ኮፈኑን አስከፍተው ዘንጓን ይዳስሳሉ። «አየሽ?» ይሉኛል። «አየሁ» እላለሁ። የቀን ሥራዬ ሰው መድኃኒቱን በትክክል መውሰዱን ማረጋገጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ውሸት በትክክል ሰጥቼ መሄድ ነበረብኝ።

ነገሩን ያበቃው ዓመታዊው ምርመራ ነው። በዚያ ጭስ መኪናዋ እንደማታልፍ መካኒኩ አስቀድሞ ነገረኝ። ለመኪናዋ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ሰጥቼ ወደ አስኮ ወሰድኳትና ሞተሩ ወረደ። ለጋሼ «ቀለም ላስቀባት ነው» አልኳቸው። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን መካኒክ ሲያውቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በሦስተኛው ቀን ወሬው ደረሳቸው።

ጋራዡ ውስጥ ሞተሩ ተበትኖ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ ሳለ፣ ጋሼ የእትዬን ክንድ ይዘው ገቡ። ሰላምታ አልሰጡኝም። መካኒኩን «ፒስተኖቹ የት ናቸው?» አሉት። አቀበላቸው። የአራቱንም ዙሪያ አንድ በአንድ በጣታቸው ፈተሹ። ቀጥለው የሲሊንደሩን ውስጥ ዳሰሱ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመና ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ቆመ።

«ማን ነው የነዳት?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«በአሥር ወር?»

መካኒኩ ቀና አለ። ሐቀኛ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአሥር ወር...»

«ልጄ» አሉት እትዬ፣ «የምጠጣው ውኃ ስጠኝ እስቲ። ራሴን አዞረኝ።»

መካኒኩ ውኃ ሊያመጣ ሄደ። ያለኝ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተቀድቶ እስኪመጣ ድረስ ነው።

«ዘይት ሳልቀይርላት ነዳኋት» አልኩ። የሚበቃ አልመሰለኝም። «በሁለተኛ ማርሽ ነው የምሄደው» አልኩ።

«እስከ ቤቴል?»

«እስከ ቤቴል።»

ጋሼ ፒስተኑን ጨርቁ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ሰው ሲቀበር እንኳ እንዲህ ቀስ ሲሉ አላየኋቸውም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ዘይት አትነካም ብዬ ነገርኩሽ። መንዳት ትችያለሽ ወይ ብዬ ግን አልጠየቅኩሽም።»

እትዬ ውኃውን ተቀብለው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

በሳምንቱ ሳንሱሲ ውስጥ ያልሰማ አልቀረም። አንዲት ሴት የጋሼን ሞተር በአሥር ወር ፈጀችው። ባለሱቁ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው፣ ስለ ማርሽ አጠቃቀም መከረኝ። ጎረቤታችን እኔ ስገባ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አንሥቶ ግቢው ውስጥ ማሳደር ጀመረ። ወንድሜ ደውሎ «እውነት ነው እንዴ?» አለኝ። ለሱ እንኳ እውነቱን ልነግረው ስል፣ ወንድሜ ለሚስቱ እንደሚነግር፣ ሚስቱ ደግሞ ከእትዬ ጋር አንድ ማኅበር እንደምትጠጣ ትዝ አለኝና «እውነት ነው» አልኩት። ጥሩ ነጂ ነበርኩ። አንድም ሰው ገጭቼ አላውቅም። ይሄን የምነግረው ሰው አጣሁ።

ሞተሩ ተሠርቶ ይዣት ስመለስ ጋሼ በራቸው ላይ ጠበቁኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያስተምሩኝ ወስነዋል። አጠገቤ ተቀመጡ፣ እትዬ ከኋላ ገቡ። ከመነሣታችን በፊት ጋሼ ወርደው መኪናዋን እየዳሰሱ ወደ ኋላ ሄዱና መዳፋቸውን ጭስ ማውጫው ላይ ደቀኑ። ረጅም ጊዜ አቆዩት። ከዚያ አሸተቱት።

«ንጹሕ ነው» አሉ። «ድሮ በኔ ጊዜ እንዲህ ነበረች።»

በመስተዋቱ እትዬን አየኋቸው። ወደ ውጭ፣ ወደ አንድ የቆርቆሮ አጥር ይመለከቱ ነበር፤ አጥሩ ላይ ምንም አልነበረም።

ጋሼ በጆሮ ያስተምራሉ። «አሁን ቀይሪ» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ዘግይተሻል። ሞተሩ ሲለምንሽ አትሰሚም?» የሚያናድደው ነገር ትክክል ናቸው። ማርሽ ሁልጊዜ ዘግይቼ ነበር የምቀይረው፤ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በሁለት ወር ውስጥ መኪናዋ ጸጥ ብላ ትሄድ ጀመር። የተከሰስኩበትን ወንጀል በከፊል ሠርቼው እንደነበረ ያወቅኩት ያኔ ነው።

በነዚያ ቅዳሜዎች መንገድ ላይ ነው ስለ ዓይናቸው የጀመርኩት። የሞራ ግርዶሽ በቀዶ ሕክምና እንደሚነሣ፣ ሰው በማግስቱ ቤቱ እንደሚገባ በየሳምንቱ ነገርኳቸው። እሳቸውም በየሳምንቱ «የማየውን አይቻለሁ» ይሉኛል። አንድ ቀን ግን አስፋልቱ ላይ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ተቆጡና «ይሄን ማስተማር የሚቻለው እያዩ ነው» አሉ። በወሩ አንዱን ዓይናቸውን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን አሠሩ። ወስጄ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።

ፋሻው የተነሣላቸው ሰሞን ልጠይቃቸው ገባሁ። በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። በረዥሙ አዩኝ፤ ድምፄን ሲሰሙ ነው የለዩኝ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «ትልቅ ሴት ነሽ እኮ! እኔ ልጅ መስለሽኝ ነው ያን ሁሉ የታገሥኩሽ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ወጣን። ጋሼ ዓይናቸውን ገልጠው የሄዱበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ገና አስኮ ሳንደርስ አንድ እጃቸው የበሩን መያዣ፣ ሌላው ወንበሩን ጨብጧል። ባጃጅ ሲያልፈን ፍሬን የሌለበትን ወለል በእግራቸው ረገጡ። አንድ የጭነት መኪና በጎናችን ሲመጣ «እመቤቴ!» አሉ። እሳቸው የነዱት ዓይነት የጭነት መኪና ነው። ስለ ማርሽ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቤት ስንመለስ ወርደው ቆሙና መንገዱን አዩ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እትዬን።

«በዚህ ነው ስንመላለስ የከረምነው?»

«በዚሁ ነው» አሉ እትዬ።

ትምህርቱ በዚያው አበቃ። አሁን ጋሼ ለዓይናቸው ክትትል ቤቴል ሲሄዱ በታክሲ ነው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ፌርማታው ላይ ከእትዬ ጋር ረጅም ሰልፍ ይዘው አየኋቸው፤ ቆሜ በሩን ከፈትኩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አንሥተው አመሰገኑኝና በእጃቸው አይሆንም አሉኝ። እትዬ ሰልፉን አዩ፣ ጋሼን አዩ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡና በሩን ዘጉት።

«ሂጂ» አሉኝ። «እሱ ይደርስብናል።»