ከአባቴ ዜማ ሥር የነበረው አልበም

ባለቤቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን እንደያዘ ወንድሜ ደወለልኝ። ወንድሜ ቄስ ነው፤ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ያገለግላል። ስልኩ የሚይዝለት ወደ ውኃው ዳር ሲወርድ ብቻ ስለሆነ ነገር አያስረዝምም።

"ያ የአባባ ካሴት አለ?" አለኝ።

"አለ።"

"ሳይበላሽ ወደ ፍላሽ አስገልብጪውና ላኪልን። ተማሪዎቹም ይስሙት።"

አባታችን የዜማ መምህር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘጌ ላይ ተማሪ ሲያስጠኑ ኖረው፣ በመጨረሻ ሲታመሙ ለሆስፒታል እንዲቀርባቸው ባሕር ዳር እኔ ቤት መጥተው ተቀመጡ። ድምፃቸውን የቀዳሁት ያኔ ነው። ከዚያ ካሴት በቀር የሳቸው ድምፅ ያለበት ነገር በቤተሰቡ ውስጥ የለም። ሁላችንም እንደ ታቦት የምናየው ካሴት ነው።

ለወንድሜም ሆነ ለሌላ ሰው ነግሬው የማላውቀው ነገር፣ ያ ካሴት ስቀዳበት ባዶ እንዳልነበረ ነው።

ባለቤቴ የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ ነበር። በደርግ ጊዜ ቼኮዝሎቫኪያ ተልኮ አምስት ዓመት ተምሮ ተመለሰ። አብረውት የተመለሱት ልጆች ሻንጣቸውን ልብስና ጫማ ሞልተው ሲመጡ፣ የሱ ሻንጣ ግማሹ ካሴት ነበር። ስንጋባ እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር፤ እሱ ፋብሪካ ይሠራል። ቤታችን ከገቡት ዕቃዎች መጀመሪያ ቦታ የፈለገለት ለካሴቶቹ ነው።

"ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ሄቪ ሜታል ይሉታል።"

አንዱን አሰማኝ። ደነገጥሁ። የካህን ልጅ ነኝ፤ ዜማ ማለት ለኔ በቀስታ ተነሥቶ በቀስታ የሚወርድ ነገር ነው። ይኼኛው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጋልባል፤ ዘፋኙም አንገቱን እንደታነቀ ሰው ይጮኻል።

"ፋብሪካ ስትሰማው የምትውለው ጩኸት አይበቃህም?" አልሁት።

"የፋብሪካው ጩኸት ዜማ የለውማ" አለና ሳቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲገባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ለኔ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ጆሮውን ቴፑ ላይ ያስጠጋል። እኔ ግን ያም አልበቃኝም። ጎረቤት ምን ይላል እል ነበር፤ ጎረቤት ምንም አላለም።

አባቴ እኛ ዘንድ በመጡ ሰሞን፣ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ሳሉ ባለቤቴ ይህንኑ ሙዚቃ ከፈተ። እኔ በእፍረት ልሞት ደረስሁ። አባቴ ጥቂት አዳመጡና፣

"ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?" አሉት።

"አዝኖ ነው አባባ" አላቸው ባለቤቴ።

"ካዘነ ይጩህ እንጂ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ተዋደዱ። ያልለመድሁት እኔ ብቻ ሆንሁ።

አንድ እሑድ ጠዋት አባቴ ተሻላቸው። ትኩስ ወተት ጠጡ፣ መቋሚያቸውን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ማዜም ጀመሩ። ከመጡ ጀምሮ ድምፃቸውን እንዲያ ሲያወጡ ሰምቼ አላውቅም። ሐኪሙ የነገረኝን ስለማውቅ ልቤ ተሸበረ። ይህን ካልቀዳሁት ሌላ ጊዜ አላገኘውም ብዬ ወደ ሳሎን ሮጥሁ። ቤት ውስጥ ባዶ ካሴት የለም። ባለቤቴ ፋብሪካ ተረኛ ነው። የሱን ካሴቶች አገላበጥሁ። የታተመ ሽፋን ያላቸውን ተውሁና በእጅ የተጻፈበት አንድ ካሴት አነሣሁ። የተገዛ ስላልሆነ ዋጋ የለውም ብዬ ነው።

ከላይ ያሉት ሁለቱ የፕላስቲክ ጥርሶች ተሰብረዋል። ካሴት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ባለቤቱ ማንም እንዳይቀዳበት ሲፈልግ ነው የሚሰብረው። እኔም አውቅ ነበር። ከአባቴ መድኃኒት መሃል የቁስል ፕላስተር ወስጄ ቀዳዳዎቹን ሸፈንሁ። ቴፑ ውስጥ ከትቼ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንሁ።

አባቴ አንዱን ገጽ ጨርሰው ሁለተኛውን ሊጨርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ደከሙ። ካሴቱ ላይ በእጅ በተጻፈው ጽሑፍ ላይም ፕላስተር ለጠፍሁና "የአባባ ድምፅ" ብዬ ጻፍሁበት።

ባለቤቴ ማታ ሲገባ ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አየው። አንሥቶ አገላበጠው። ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። እኔ ምክንያቴን አዘጋጅቼ ቆሜአለሁ። እሱ ምንም ሳይጠይቀኝ ካሴቱን ከፈተና ራሱን ዝቅ አድርጎ ትንሽ አዳመጠ።

"ድምፃቸው ጥሩ ገብቷል" አለ።

ይህን ብቻ ነው ያለው። አባቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዐረፉ። ከዚያ በኋላ በኖርንባቸው ዓመታት ስለዚያ ካሴት አንድ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። ረስቼው ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። እሱ ዝም ስላለ እኔም ዝም አልሁ።

ወንድሜ ከደወለ በኋላ ካሴቱን ይዤ ፋሲሎ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ሙዚቃ ቤት ሄድሁ። ባለቤቱ መነጽር ያደረገ፣ ፀጉሩ ሸበት ያለ ሰው ነው፤ አሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። አብሬው ተቀምጬ አዳመጥሁ። የአባቴ ድምፅ ሱቁን ሲሞላው መንገድ ላይ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ቆመው ሰሙ። በመጨረሻ አባቴ ሳሉና "ይብቃኝ ልጄ" አሉ። "እሺ አባባ" የሚል የወጣትነት ድምፄ ተሰማ። ቀጥሎ ቀጭ አለና ሙዚቃው ገባ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ካሴቱን በሰማሁ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ አጠፋው ነበር። ሁለት ጊታሮች አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ አንድ ዓይነት ዜማ ጎን ለጎን ይጫወታሉ፤ ድራሙ ከሥራቸው ይጋልባል፤ አንድ ሰው በቀጭን ድምፅ በማላውቀው ቋንቋ ይጮኻል። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ክሩ አለቀ።

"ይህን ልቁረጠው እትዬ?" አለኝ ሰውየው።

"አይቆረጥ" አልሁት።

"የማን ሙዚቃ ነው?"

"የባለቤቴ ነው።"

ሙዚቃ ሲያሰሙት ስሙን የሚናገር ነገር ስልኩ ላይ ስላለው ሞከረልኝ። አላወቀውም። እንደገና ሞከረ።

"ብዙ ሰው ያልሰማው ይሆናል" አለኝና ቅጂውን ስልኬም ላይ ጫነልኝ።

ቤት ገብቼ የለጠፍሁትን ፕላስተር በጥንቃቄ ላጥሁት። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር አብሮ ተነሣ። ከባለቤቴ ጽሑፍ ሙጫው ላይ በግልባጭ የቀሩት ሦስት ፊደላት ብቻ ናቸው። ያኔ ነው ተቀምጬ ያለቀስሁት።

ባለቤቴ አብሮት የተማረ አንድ ጓደኛ ነበረው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ያለችው መሸንቲ ገብቶ ጓሮ ያለማል። በማግስቱ በሚኒባስ ሄድሁ። ያገኘሁት ጎመኑን ውኃ ሲያጠጣ ነው። ከሰላምታ በኋላ፣

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሰማህ" ብዬ ስልኬን ሰጠሁት።

ጆሮው ላይ ያዘው። ዓይኖቹ ፈጠጡ።

"ይህን ከየት አገኘሽው?"

ሁሉንም ነገርሁት፤ ፕላስተሩን፣ የተሰበሩትን ጥርሶች፣ የዚያን ዕለት ማታውን። ያን ነገር ከአፌ ሲወጣ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ እጁን ቱቦው ላይ አጥቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ምን እንደሆነ አልነገረሽም ማለት ነው?"

"ምኑን?"

"እነዚህ ልጆች የተማርንበት ከተማ ልጆች ናቸው። ድራም የሚመታው የኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ያኔ እዚያ አገር መንግሥት ሳይፈቅድ አልበም አይወጣም፤ እነሱን ደግሞ የሚፈቅድላቸው አልተገኘም። ምድር ቤት ውስጥ በሁለት ቀን ቀዱትና ለወዳጆቻቸው በካሴት እየገለበጡ ሰጡ። ባልሽ የተቃጠለ የድምፅ ማጉያቸውን ጠግኖላቸዋል። አንዱ ዘፈን ላይ ብዙ ሰው የሚጮኽበት ቦታ አለ፤ ሰው ሲያጡ የኛን ማደሪያ ልጆች ጠርተው አወረዱን። ሃያ እንሆናለን። ከመካከላችን ሐበሾቹ እኔና እሱ ነን። 'በሩን ክፈቱ' ማለት ነው የጮኽነው።"

"ካሴቱ ላይ ድምፁ ነበረ ማለት ነው?"

"ነበረ። የሁለታችንም ነበረ።"

ጎመኑን እያየሁ ቆየሁ።

"ለምን አልነገረኝም?" አልሁ በመጨረሻ።

"ቢነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?"

"አለቅስ ነበር።"

"ታዲያ እሱስ ይህን አጥቶት ነው?" አለኝ።

የጋሼ ካሴት ቤት ሲቀያይር ጠፍቶበታል። የቡድኑን ስም ግን አልረሳም፤ በወረቀት ላይ በፈረንጅ ፊደል ጻፈልኝ። ስልኬ ላይ ፊደል በፊደል እየለቀምሁ ፈለግሁ። ብዙ ቀን የማይመለከተኝ ነገር እየመጣብኝ ተውሁት፤ እንደገና ጀመርሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ አገኘሁት። እዚያው አገር የሚኖር አንድ ሰው፣ በዚያ ዘመን ተሠርተው የተረሱ አልበሞችን እየሰበሰበ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። የነሱንም አስቀምጦታል፤ ሰባት ዘፈን ነው። ሥዕሉ ላይ በእጅ የተጻፈበት ተራ ካሴት ይታያል። የሰማው ሰው በጣም ጥቂት ነው።

ቤት ውስጥ መስማት አልቻልሁም። ማዳመጫዬን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁና ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ከመጀመሪያው ጀመርሁ። የቀረጻው ጥራት ደካማ ነው፤ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሆኖም ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ ባለቤቴ ጆሮውን ለምን ያስጠጋ እንደነበር ገባኝ። ከጩኸቱ ሥር ወፍራሙ ቤዝ ጊታር ብቻውን የሚሄድበት ቦታ አለ፤ ካልቀረቡት አይሰማም። በርጩማው ላይ ጎንበስ ብሎ ያዳምጥ የነበረው ያንን ነው።

አምስተኛው ላይ ሙዚቃው ቆመና ብዙ ሰው አንድ ላይ ጮኸ። አራት ጊዜ። መልሼ ሰማሁት። ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ድምፅ ከሃያ ሰው መሃል መለየት አቃተኝ። እኔ ሳላውቀው በፊት የነበረው የወጣትነት ድምፁ ነውና ከየት አውቀዋለሁ? ታንኳዎች ተመልሰው ዓሣ ማውረድ እስኪጀምሩ ድረስ እዚያው ነበርሁ።

ፍላሹን ከተቀበለ በኋላ ወንድሜ ደወለ።

"መጨረሻው ላይ የሚጮኸው ምንድን ነው? ተማሪዎቹ ደነገጡ እኮ" አለኝ።

ለሱም ነገርሁት። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

"ለተማሪዎቹ የሚሆነውን ቆርጠሽ ላኪልኝ" አለ። "የኔን ግን እንዳለ ተይው።"

ያ እሑድ ጠዋት ቢመለስ አባቴን እቀዳቸዋለሁ፤ ይህን ደብቄ አልኖርም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ማታ ሲገባ "ይህን አደረግሁብህ፣ ምን ነበር በውስጡ?" ብዬ ልጠይቀው እችል ነበር። ቢቆጣም ይነግረኝ ነበር። ከዚያም ምድር ቤቱን፣ ማጉያውን፣ ድራም የሚመታውን ልጅ፣ ሁሉን ከራሱ አፍ እሰማ ነበር። ካጠፋሁት ይልቅ ያልጠየቅሁት በዛብኝ።

ባለፈው ወር አልበሙን ይዤ መሸንቲ ተመለስሁ። ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። አምስተኛው ዘፈን ሲደርስ ከንፈሩ አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ።

"የቱ ነው እሱ?" አልሁት።

"መልሺው።"

መለስሁለት።

"ሰማሽ? ከሁሉም ቀድሞ የገባው። ሳይቆጠርለት ነው የጮኸው። ደግመን እንቅዳው ብለው ነበር፣ ኋላ ጊዜ አጥተው ተውት። ሁልጊዜ ይቸኩል ነበር እኮ።"

እኔ የማውቀው ባለቤቴ ቸኩሎ አያውቅም። ምግብ እንኳ ሲበላ በቀስታ ነበር። ጋሼ በእርግጥ አውቆት ይሁን ወይም ሊያጽናናኝ ብሎ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁትም። ብቻ ዘፈኑን ወደ ኋላ መለስሁና፣ ከሌሎቹ ቀድሞ የገባውን ያን አንድ ድምፅ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥሁት።